የአለቃ ተራ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የስፖርት ጫማዬን አንዱን እግር አጣሁት። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ በረንዳ ላይ… የለም። በካልሲ ቁርስ በላሁ። ማቀዝቀዣው ላይ የግማሽ ዓመቱ የፈተና ውጤቴ እስካሁን ተለጥፏል። ሒሳብ ዘጠና ስድስት። ሁለት ጊዜ ገንጥዬ ጥዬዋለሁ። ሁለቴም እማዬ ከቆሻሻ መጣያው አውጥታ፣ ጠራርጋ፣ መልሳ ለጠፈችው።

ከሰዓት በኋላ የመርከቡ ብሮሸር ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። የወንዝ ላይ ጉዞ። አለቃ የመረጠችው ነው፣ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት። «ስድን እንሄዳለን» ብላ። አለቃ እህቴ ናት። በሦስት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ስሙን ያወጣላት አባዬ ነው፤ ገና በዳዴ እየሄደች ቤቱን ሁሉ ስለምታዝ። አሁን ስሟን ማንም አይጠራም። ቅጽል ስሟንም። እኔ እዚህ ደብተር ላይ ብቻ።

መርከቡ በየከተማው ይቆማል። በየማቆሚያው ከሚቀርቡት ጉብኝቶች አንዱን መምረጥ ነው። ቤታችን ለዚህ ሕግ አለው። ሽርሽር ስንወጣ የት እንደምንሄድ የሚመረጠው በተራ ነው። አባዬ፣ እማዬ፣ አለቃ፣ እኔ። ተራ የያዘ ይመርጣል፤ ሌላው አፉን ዘግቶ ይከተላል። ማጉረምረም ክልክል። ሕጉን ያወጣችው ማን እንደሆነች መጻፍ አያስፈልግም።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሦስት ነን። በሦስት እናዙረው።»

እማዬ ቀና አላለችም። «ተራው አይነካም።»

«ማን ሊመርጥላት ነው ታዲያ?»

እማዬ የብሮሸሩን ገጽ ገለጠች።

«እኔ» አልኩ።

እማዬ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደስ ብሏት እኮ ነው! ምን እንደምመርጥ ገና አላውቅም። የሚያስደስታት ግን አይሆንም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ተሳፈርን። መርከቡ ረዥምና ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ ላይ የቆመ አውቶቡስ ይመስላል። መግቢያው ላይ የጉብኝት ክፍሉ ኃላፊ ትኬታችንን ተቀበለች። አንገቷ ላይ ቀይ ሻሽ አስራለች፤ ቀይ ሻሿ አልኳት። አራት ትኬት ቆጠረች፣ ሦስት ሰው አየች።

«አራተኛዋስ?»

እማዬ፣ «ከኋላ እየመጣች ነው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አባዬን አየሁት። የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ክር የሌለው ጫማ ነው ያደረገው።

በሩ አጠገብ መንጠቆ በመንጠቆ የሆነ ሰሌዳ አለ። በየመንጠቆው ቁጥር የተጻፈበት ክብ ብረት ተንጠልጥሏል። «መለያ» ይሉታል። የበሩ ጠባቂ ነው አሠራሩን የነገረን። አጭር፣ ሰፊ፣ አንገት የሌለው ሰውዬ። በሆዴ ጉቶ አልኩት። ለጉብኝት የሚወርድ ሰው መለያውን ይዞ ይወርዳል፤ ሲመለስ ቦታው ይሰቅላል። «አንድ ባዶ መንጠቆ ካለ መርከቡ ንቅንቅ አይልም» አለ። «ካፒቴኑ ሰው አያምንም። እኔንም አያምንም። ሰሌዳውን ነው የሚያምነው።»

የአባዬና የእማዬ 30 ሀ እና 30 ለ። የኔ 31 ሀ። የአለቃ 31 ለ።

ክፍላችን ሁለት አልጋ አለው። ክፍሌ ማለቴ ነው… በየትራሱ ላይ አንድ አንድ ቸኮሌት። ሁለቱንም በላሁ። የሷን መጀመሪያ።

እራት ላይ አራት ወንበር። አስተናጋጁ፣ «አራተኛዋን እንጠብቃት?» አለ።

«ተኝታለች» አለች እማዬ።

ተኝታለች!

ሹካዬ ከእጄ ወደቀ። ያችው ቃል ናት። በጥር፣ የፈተናው ዋዜማ፣ ከአክስቴ ቤት ደውዬ «አለቃን ስጪኝ» ስላት ያለችኝ። «ደህና ናት። ተኝታለች። አንተ ፈተናህን ጨርስ።» ጨረስኩ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦግራፊ። ጂኦግራፊ ስፈተን እየቀበሯት ነበር። አክስቴ የነገረችኝ የመጨረሻውን ወረቀት አስረክቤ ስወጣ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ቦርሳዬን ተቀብላኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስደውል ሞታ ነበር ወይስ በሕይወት ነበረች? ከጥር ጀምሮ እጠይቃለሁ። አባዬ «እናትህን አታድማት» ይላል። እማዬ ደግሞ ከክፍሉ ትወጣለች።

ከመርከብ ላይ ወዴት ትወጣለች?

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ማለዳ እማዬ ሳታንኳኳ ገባች። የተኛሁ መሰልኩ። የአለቃን አልጋ ልብስ ገለጠች። አንሶላውን አመሰቃቀለች። ትራሱን መሃሉን በጡጫዋ መታ መታ አድርጋ አጎደጎደችው። የጽዳት ሠራተኛዋ እንዳትነቃባት። ከዚያ በእግሯ ጣት ወጣች።

የአባዬ ተራ ነበር። ቤተ መንግሥት አለ፣ ብስክሌት አለ፣ የወይን ጓዳ አለ፣ አውቶቡስ አለ። «አውቶቡሱ… መውረድ የለበትም አይደል?» ብሎ ቀይ ሻሿን ጠየቃት። የለበትም። አለቀ። አውቶቡስ።

ከተማው በመስታወት አለፈ። አስጎብኚው በጆሮ ማዳመጫ ያወራል። አባዬ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። የማዳመጫው ገመድ መሰኪያው ውስጥ አልነበረም። አልነገርኩትም።

ከኋላችን ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪምና ሚስቱ ተቀምጠዋል። ሚስትየዋን ዝምታ ያማታል።

«ስንት ልጆች አሏችሁ?»

«ሁለት» አለ አባዬ።

«ሁለተኛው የት አለ?»

«ሴት ናት» አለች እማዬ። «ትንሽ አሟት ቀርታለች።»

«አይ ምስኪን! ሆዷን ነው?»

«ሆዷን አይደለም» አልኩ።

አባዬ ጉልበቴን ያዘኝ። እስኪያመኝ ጨመቀው። ሴትየዋ ቦርሳዋን በርብራ የሚያጥወለውል ነገር ሲመጣ የሚዋጥ ክኒን አወጣች። «ዛሬ ከዋጠች ነገ ተነስታ ትሮጣለች፤ ሙት ያስነሳል እኮ ይሄ!» እማዬ ተቀበለች። አመስግና!

ስንመለስ ሰሌዳው ጋ እማዬን አየኋት። ሁለት መለያ ሰቀለች። የራሷን፣ ቀጥሎ 31 ለን። ይዛት ወርዳ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ ይዛት ስትዞር ነው የዋለችው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ዛሬ ማቆሚያ የለም። ውሃ፣ ዛፍ፣ ውሃ፣ ዛፍ። ሰዉ ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እማዬ ጠዋት መጥታ አንሶላውን አመሰቃቀለች። የአለቃን ቸኮሌት ከነወረቀቱ ጨፍልቄ በመስኮት ወረወርኩት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

የእማዬ ተራ። የመስታወት ሠሪዎቹን ቤት መረጠች። ምድጃው ከበር ጀምሮ ይጋረፋል። ላብ ያጠመቀው ሰውዬ ቧንቧ ጫፍ ላይ እሳት የመሰለ ነገር ያሽከረክራል፣ እፍ ይላል፣ በመቀስ ይቆርጣል፣ ወፍ ይሆናል። ለያንዳንዱ ትኬት አንዳንድ ትንሽ ወፍ በስጦታ ይሰጣል።

አራት ትኬት። አራት ወፍ።

እማዬ የአራተኛዋን መረጣ ላይ ቆመች። ሰማያዊ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። አረንጓዴ ታነሳለች። «የቱ ይሻላል?» አለችኝ። እንደ ልደት ስጦታ! ከኋላ ሰው ተሰልፏል። «ቢጫው» አልኳት። ቢጫውን ወሰደች።

ወደቡ ላይ ስንደርስ ቦርሳዋን ልትዘጋ ስትታገል «ቢጫውን ስጪኝ ልያዝልሽ» አልኩ። ሰጠችኝ። ድንጋዩ ላይ ለቀቅኩት።

«አመለጠኝ።»

አላመለጠኝም። እሷም አታምነኝም፣ ግን እንዳመነች ሆነች። በዚያ ሁሉ መንገደኛ መሃል ተንበርክካ ስብርባሪውን በመሐረብ ለቀመች። ጣቷን ቆረጣት። አባዬ አጠገቧ ቆሞ ጥላ ያዘላት። ምንም አላለም። እሱ ምን ብሎ ያውቃል?

እህቴ ብትኖር በሳቅ ትፈርስ ነበር… ወይስ በጥፊ ትለኝ ነበር? ሁለተኛው ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ትስቃለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ነገ የአለቃ ተራ ነው። ለምርጫ ቀይ ሻሿ ጋ ሄድኩ። ለብቻዬ።

«የአበባ አትክልት ሥፍራ አለ። ብስክሌት በወንዙ ዳር አለ። የድሮ ሆስፒታል አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው፤ እሱን እንኳን ሰው አይመርጠውም፣ ለዕረፍት መጥቶ…»

ብስክሌት። አለቃ ብስክሌት ነበር የምትለው። ሳታነብ። ጣቷን ብስክሌቱ ላይ አድርጋ፣ «ማጉረምረም ክልክል» ብላ፣ እማዬን ከኋላ አፈናጥጣ።

«ሆስፒታሉን» አልኩ። «አራት ሰው።»

«እህትህ ናት የመረጠችው?»

«የሷ ተራ ነው።»

«ታሪክ ትወዳለች ማለት ነው!»

«ሆስፒታል ትወዳለች» አልኳት።

እራት ላይ ነገርኳቸው። አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ይሄማ አይሆንም» አለ። «ተራ የያዘ ይመርጣል» አልኩ። «ሌላው አፉን ዘግቶ ይከተላል።» እማዬን አየኋት። «ተራው አይነካም አላልሽም?»

«እንሄዳለን» አለች። ውሃ ጠጣች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ሆስፒታሉን የመረጥነው እኛና ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነን። አስጎብኚዋ ወጣት ናት። ሰው ማጣት የለመደች ትመስላለች፤ ስናደምጣት ደስ አላት።

ረዥም ክፍል። ግራና ቀኝ የብረት አልጋ፣ ነጭ ብርድ ልብስ ውጥር ተደርጎ የለበሰ። ትራሶቹ ግን መሃላቸው ጎድጎድ እንዲል ተደርጓል። «ሕመምተኛው አሁን የተነሳ እንዲመስል ነው» አለች አስጎብኚዋ። «ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማጎደጉደው።» በጡጫዋ አሳየችን። መታ መታ።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«በዚያን ጊዜ ጠያቂ የሚፈቀደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር» አለች ልጅቷ።

«ለኔ ስንት ቀን ነበር የተፈቀደው?»

«ይቅርታ?»

«አንተ ልጅ» አለ አባዬ፣ በጥርሱ መሃል።

ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ አጠገብ ቆምኩ። «እማዬ፣ የሷ የት በኩል ነበር? እንዲህ መስኮት ጋ? በር ጋ? አይቼው አላውቅም እኮ። አሳዪኝ። ስልኩን ስታነሺ የት ቆመሽ ነበር? ግርጌ?»

አስጎብኚዋ ፈገግታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ሽማግሌው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

አባዬ ክንዴን ያዘኝ። እማዬ ግን መጣች። ቀስ ብላ፣ አልጋ አልጋውን እየተደገፈች። ግርጌውን አለፈችው። ራስጌው ጋ ቆመች። እጇን ብረቱ ላይ አደረገች።

«እዚህ» አለች።

«ከዚያስ?»

ወጣች! እዚህም መውጫ አገኘች።

አባዬ ደረጃው ላይ አቆመኝ። «ምን አድርጋህ ነው?»

«ታውቃለህ።»

«እኔም እኮ ነበርኩ እዚያ።»

«አንተን ደውዬ አልጠየቅኩህም።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «እሷ ብትሆን እናቷን እንዲህ አታደርግም ነበር።»

«የተሳሳተው ልጅ ነው የቀረላችሁ ማለት ነው» አልኩ።

ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ያን ያህል መርዘም አልነበረበትም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ከየት ልጀምር…

የኔ ተራ ነበር። በራስ መንገድ መዞርን መረጥኩ። ያለ አስጎብኚ። ጠዋት ቀድሜያቸው ሰሌዳው ጋ ደረስኩ። 31 ሀን አነሳሁ። 31 ለንም አነሳሁ። እማዬ ስትደርስ ባዶውን መንጠቆ አይታ ፊቷ አመድ መሰለ። መዳፌን ከፍቼ አሳየኋት።

«እኔ ይዣታለሁ።»

አስተያየቷ! ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ጎሽ የኔ ልጅ። ጎሽ።»

ደስ ብሏት ዋለች። ኮፍያ ገዛችልኝ፤ ሰፋኝ፤ «ታድግበታለህ» አለች። አባዬ አይስክሬም አንጠባጥቦ ሸሚዙን አበላሸ፣ ሳቀችበት። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ስትስቅ የሰማኋት? ብረቷ ኪሴ ውስጥ ሞቃለች። ልተወው ይሆን ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው። ድልድዩ ላይ ቆመን ውሃውን ስናይ፣ እተወዋለሁ አልኩ።

ከዚያ እማዬ ባለሱቁን «ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሴቷ ዛሬ አልወረደችም» ስትለው ሰማሁ።

አልተውኩትም።

ስንመለስ እነሱን አሳልፌ 31 ሀን ብቻ ሰቀልኩ። ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ተነሳ። ገመድ ተፈታ። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፣ ገመዱ ተመልሶ ታሰረ። ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ።

ስሟን ጠሩት። ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ። ማንም ደፍሮ የማይጠራውን። ወንዙ ላይ፣ ወደቡ ላይ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ በየክፍሉ። «የክፍል 31 ለ ተሳፋሪ፣ እባክዎ በአስቸኳይ ወደ በሩ ይምጡ።» ሁለተኛ ጠሩ። ሦስተኛ ጠሩ። በሦስተኛው ድምፁ ተጨንቋል።

ስወርድ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቧል። ጉቶ ወደቡ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ቀይ ሻሿ እማዬን በሁለት እጇ ይዛታለች።

«ረጋ ይበሉና ይንገሩኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት የት ነው?»

እማዬ አፏ ተከፍቷል።

«ተሽሏት ወርዳ ነበር እንዴ?» የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ናት። «እኔ እኮ ክኒኑ…»

«ምን ለብሳ ነበር? ምን እንደለበሰች ብቻ ይንገሩኝ።»

«ቢጫ ሹራብ» አለች እማዬ።

አባዬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቀይ ሻሿ ሬዲዮዋን አነሳች። «ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ።» ከታች ጉቶ፣ «ቢጫ ሹራብ፣ እሺ። ዕድሜ?»

ቢጫውን ሹራብ አውቀዋለሁ። የኔ ነበር። ሰርቃኝ ነው ሆስፒታል የገባችው።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

እማዬ ሰዉን በሙሉ ዞር ዞር ብላ አየች። እኔ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ኪሴ ውስጥ ያለውን እጄን አየችው። ገባት። ሲገባት አየሁ።

«ሞታለች» አለች። ለነሱ አይደለም፣ ለኔ። «አትፈልጓት። በጥር ሞታለች።»

ከሬዲዮው ጉቶ፣ «ዕድሜ አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ» አለ።

ብረቷን አውጥቼ ሰቀልኳት። ጉቶ ተመልሶ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። እንዲቆጣኝ ጠበቅኩ። «ወደቡን አይደለም ሳይ የነበረው» አለኝ። «ውሃውን ነው ሳይ የነበረው። ገባህ? ውሃ ውስጥ ቢጫ ስፈልግ ነበር።» ጎረምሳም አላለኝ፣ ልጄም አላለኝ። ሄደ።

መርከቡ ተነሳ። ክፍሌ ገብቼ ቆምኩ። እማዬ ሳታንኳኳ ገባች። የአለቃ አልጋ ላይ ተቀመጠች። እስከ ዛሬ ማንም አልተቀመጠበትም።

«በሕይወት ነበረች» አለች።

የራሴ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ።

«ስትደውል ነቅታ ነበር። ካንተ ጋር ሳወራ ታየኛለች። ማን እንደሆነ አውቃለች። እጇን ዘረጋች።»

«ለስልኩ?»

«ለስልኩ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ብትሰማው ታውቅ ነበር፤ ጥለህ ትመጣ ነበር። ጠዋት ፈተና አለህ። ነገ ይደርሳል አልኩ፤ ከነገ ወዲያ፤ ዶክተሩ ገና ቀናት አሏት ብሎን ነበር…» እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ተኝታለች አልኩህ። እያየችኝ።»

«ምን አለች?»

«ምንም። እጇን መለሰች።»

«ከዚያስ?»

«ሊነጋጋ ሲል።»

ሒሳብ ነበር ጠዋት። ዘጠና ስድስት።

ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት። ሞታ ነበር ብትለኝ ኖሮ ይቅር የምላት ይመስለኛል… አሁን ምን ላድርገው?

እማዬ ተነሳች። አንሶላውን እጇ ልማድ ሆኖበት ሊያመሰቃቅል ሄደ። ከዚያ አስተካከለችው። ጥርት አድርጋ ወጥራ፣ ዳር ዳሩን አስገብታ፣ ወጣች።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ውሃ፣ ዛፍ። ምግብ ቤት ስንገባ ሰዉ ድምፁን ይቀንሳል። ጠረጴዛችን ላይ ሦስት ወንበር። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ፈንጠር ብላ ተቀመጠች፤ ባሏ መጥቶ አባዬን ጨበጠው። እኔን አልጨበጠኝም።

ትራሴ ላይ አንድ ቸኮሌት። የአለቃ ላይ ምንም። መንጠቆው አለ፣ 31 ለ የለችም። ማን እንዳነሳት አልጠየቅኩም።

ቸኮሌቱ አልዋጥ አለኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

የመጨረሻው ማቆሚያ። ዙሩ ተመልሶ የአባዬ ተራ።

ብስክሌት መረጠ።

ቀይ ሻሿ፣ «ሦስት ሰው?» አለችው። ቃሉን ስታወጣው ተጠነቀቀች። አባዬ እኛን አየን። እማዬ ወንዙን አየች። እኔ የኮፍያዬን ጠርዝ አየሁ።

«አንድ» አለ አባዬ።

ሌላው ይከተላል ነበር ሕጉ። አልተከተልነውም። እሱም አላስገደደንም፤ ያንን የምታስገድድ አንድ ሰው ብቻ ነበረች። ከላይኛው ፎቅ አየነው። ብስክሌት አይችልም። በዕድሜው ሙሉ ነድቶ አያውቅም። አስጎብኚው ኮርቻውን ይዞለት ትንሽ ሮጠ፣ ለቀቀው። እየተወላገደ፣ አንድ እግሩን መሬት እየጎተተ፣ ከሰዉ ሁሉ በኋላ በውሃው ዳር ሄደ። ታጠፈ። ጠፋ።

እማዬና እኔ ተፋጠን ተቀመጥን። በመሃላችን ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሻይ። ከትናንት በስቲያ ወዲህ አላወራንም። ምን እንላለን? የጠየቅኩት ተመለሰልኝ። የደበቀችው ወጣላት። የጣቷ ቁስል ላይ የለጠፈችው ፕላስተር ጠርዙ ተልጧል።

ስልኬ ጮኸ። አክስቴ።

«እንዴት ናችሁ? ውሃው እንዴት ነው? እናትህ ስልኳን አታነሳም፣ ምን ሆናለች? ሰግቻለሁ እኮ።»

«ደህና ናት።»

«ስጠኝ እስቲ። ድምፅዋን ልስማ።»

እማዬ ሰምታለች። ቀና አለች። ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጣ። ከማን ጋር ልታወራ ነው ሌላ? እህቷ ናት። እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

አየኋት። ዓይን ዓይኗን።

«ተኝታለች» አልኩ።

እንዴት ቀላል ነው! አፍ ውስጥ ምንም አይከብድም። እኔ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።

«ይሻላታል፣ ትተኛ በቃ» አለች አክስቴ። «አንተ አይዞህ። ጎበዝ ልጅ። እናትህን ጠብቃት።»

ዘጋሁ።

የእማዬ እጅ ጠረጴዛው መሃል ላይ ትንሽ ቆየ። ሻይዋ አጠገብ። ከዚያ በቀስታ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ እየተጣጠፉ፣ ወደ ጭኗ ተመለሰ።

አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። የተመለሰውን እጇን ጎንበስ ብላ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ልክ እንደዚህ ነው» አለች። «ልክ እንደዚህ ነው የመለሰችው።»